ከዘንገና ዳር የተጣለ ገመድ
መረጃን ማጠቃለልና መላ ምትን መፈተሽ በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ እንጅባራ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ በዛፎች የተከበበ ክብ ሐይቅ ያገኛል። ይህ ሐይቅ ዘንገና ነው። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ በመሆኑ ስፋቱ ከዳር ሆኖ በአንድ እይታ የሚጨረስ ነው። ጥልቀቱ ግን እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። በአንጻሩ ሰፊው የጣና ሐይቅ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም።

አንድ ተማሪ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይዞ የዘንገናን ጥልቀት ሊለካ ወጣ እንበል። ታንኳ የለውም። ስለዚህ በሐይቁ ዳር እየዞረ ሃያ ቦታ ላይ ገመዱን ጣለና ሃያ ቁጥሮች መዘገበ። ማታ ኮምፒውተር ክፍል ገብቶ ቁጥሮቹን በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሲያሰፍር፣ መሣሪያው በአፍታ ውስጥ አማካዩን፣ ሥርጭቱንና የስህተት ወሰኑን እስከ አራት የነጥብ ቤት ድረስ አሰላለት። በስሌቱ ላይ አንዳች ስህተት አይገኝም። ይሁን እንጂ የተገኘው መልስ የሚናገረው ስለ ዘንገና ዳር እንጂ ስለ ዘንገና ሐይቅ አይደለም።

ዛሬ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ሶፍትዌሮች ከአንዱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ቀድሞ በወረቀትና በካልኩሌተር ቀናት ይፈጅ የነበረው ሥራ አሁን ጥቂት የመዳፊት ጠቅታዎች ብቻ ይጠይቃል። ችግሩ ሶፍትዌሩ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ፣ ጥያቄው ትክክል ስለመሆኑ ግን የማይጠይቅ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ መረጃ እንዴት እንደሚጠቃለል፣ የመላ ምት ፍተሻ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ፣ እንዲሁም ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የት የት ላይ እንደሆነ በእውነተኛ ቁጥሮች አስደግፈን እንመለከታለን።

ከስሌት በፊት መረጃን ማጥራት

የስታቲስቲክስ ሥራ የሚጀምረው ከሰንጠረዡ ነው። እያንዳንዱ አግድም መስመር አንድን ሰው፣ አንድን ቤተሰብ ወይም አንድን ማሳ ይወክላል፤ እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ አንድን ተለዋዋጭ ይይዛል። ይህ ቀላል መስሎ ይታይ እንጂ አብዛኛው ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በእኛ ሀገር መረጃ ላይ በተለይ የሚከሰተው የዘመን አቆጣጠር ስህተት ነው። ተጠያቂው የተወለደበትን ዓመት 1985 ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል፤ መጠይቁ የተሞላበት ዓመት ግን እ.ኤ.አ. 2010 ተብሎ ይመዘገባል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ቀናንሶ ዕድሜው 25 ነው ይላል። የልጁ እውነተኛ ዕድሜ ግን ከ18 አይበልጥም። ልዩነቱ በሁሉም ላይ እኩል ቢሆን ኖሮ ማስተካከሉ ቀላል ነበር፤ ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላኛው አቆጣጠር ከተመዘገበ ግን መረጃው በቀላሉ የሚፈታ አይሆንም። ጳጉሜን ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፤ ወር ማለት ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው ብሎ የተሠራ ሶፍትዌር አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጡት አይቀበልም፤ ወይም ቦታውን ባዶ ይተወዋል።

ሁለተኛው የጎደለ መልስ ነው። በብዙ መጠይቆች ላይ መልስ ያልሰጠ ሰው በ99 ይመዘገባል። 50 ቤተሰቦች ተጠይቀው ሦስቱ የቤተሰባቸውን ቁጥር ሳይናገሩ ቀሩ እንበል። የሌሎቹ 47 ቤተሰቦች አማካይ 5 ሰው ቢሆንና 99 የ«መልስ የለም» ምልክት መሆኑ ለሶፍትዌሩ ካልተነገረው፣ አማካዩ 10.64 ሆኖ ይወጣል። ሦስት መስመሮች ብቻ የአንድን መንደር ቤተሰብ በእጥፍ አሳደጉት ማለት ነው። ሦስተኛው የመለኪያ ጉዳይ ነው። አንዱ ገበሬ የማሳውን ስፋት በጥማድ፣ ሌላው በሄክታር፣ አንዱ ምርቱን በኩንታል፣ ሌላው በኪሎ ነግሮን ሁሉም በአንድ ዓምድ ከገቡ ማናቸውም ፍተሻ ትርጉም አይኖረውም።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ከማናቸውም ፍተሻ በፊት የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር፣ የድግግሞሽ ሰንጠረዡንና ሥዕላዊ መግለጫውን ማየት። በኤስፒኤስኤስ «አናላይዝ» ከሚለው ዝርዝር ሥር «ዲስክሪፕቲቭ ስታቲስቲክስ» የሚለውን መክፈት ብቻ በቂ ነው። የ99 ዓመት ሕፃንና የ200 ሄክታር ጓሮ በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ያጋልጣሉ።

ማጠቃለል፦ አንድ ቁጥር ስለ ብዙዎች ሲናገር

በግንቦት ወር 1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዊ ዞን 982,942 ሰዎች ተቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ 491,865 ወንዶች፣ 491,077 ሴቶች ናቸው። የተቆጠሩት ቤተሰቦች 215,564 ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ለዚህ ስናካፍል በአንድ ቤተሰብ በአማካይ 4.56 ሰው እናገኛለን። የከተማ ነዋሪው 123,014 ወይም 12.5 በመቶ ያህል ነበር።

በአዊ ምድር 4.56 ሰው የሚኖርበት ቤት አንድም የለም። ይህም ሆኖ ቁጥሩ ከንቱ አይደለም። ለዞኑ ስንት ኩንታል እህል ወይም ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያስፈልግ ለሚያቅድ ባለሙያ፣ አማካይን በቤተሰብ ብዛት ማባዛት ጠቅላላውን ስለሚሰጠው ይጠቅመዋል። የአንድን ቤት ስፋት ለሚነድፍ ሰው ግን አማካይ ብቻውን አይበቃም፤ ስንት ቤተሰብ ሁለት ሰው፣ ስንቱስ ዘጠኝ ሰው እንዳለው ማወቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ ማጠቃለያ ቢያንስ ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ መሃሉንና ሥርጭቱን። መሃሉን ከሚናገሩት አንዱ አማካይ ሲሆን ሌላው ሚዲያን ነው፤ ይኸውም ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው ነው። አማካይ እጅግ ትልቅ ወይም እጅግ ትንሽ ቁጥር ይጎትተዋል፤ ሚዲያን ግን አይነቃነቅም። በገቢ፣ በመሬት ይዞታና በከብት ብዛት ላይ ጥቂቶች ብዙ ስለሚይዙ፣ በእነዚህ ጉዳዮች ሚዲያን የተራውን ሰው ኑሮ የተሻለ ይገልጻል። ሥርጭቱን የሚለካው ደግሞ መደበኛ ልይይት፣ በተለምዶ አጠራሩ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ ቁጥሮቹ ከአማካያቸው በምን ያህል እንደሚርቁ ይነግረናል።

ሥዕላዊ መግለጫ ቁጥር የማይናገረውን የሚያሳይበት አጋጣሚም አለ። በሀገራችን የሕዝብ ቆጠራዎች የዕድሜ ሥርጭት በሥዕል ሲቀርብ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ እንደ ግንብ ከፍ ብሎ ይታያል፤ 30፣ 35፣ 40 ዓመት የሆነው ሰው ከ31 እና ከ39 ዓመቱ እጅግ ይበዛል። ይህ የሆነው በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው ስለተወለደ አይደለም፤ የልደት ቀኑ ያልተመዘገበለት ሰው ዕድሜውን ወደሚቀርበው ሙሉ ቁጥር እያጠጋጋ ስለሚናገር ነው። የዕድሜ አማካይን ብቻ ያሰላ ተማሪ ይህን ከቶ አያየውም።

የመላ ምት ፍተሻ ከየት መጣ?

ማጠቃለል ያየነውን መግለጽ ነው። የመላ ምት ፍተሻ ደግሞ ካየነው ተነሥተን ስላላየነው ለመናገር የምንሞክርበት መንገድ ነው።

ለዚህ ዘዴ ቀደምት ምሳሌ ሆነው ከሚጠቀሱት አንዱ የስኮትላንዱ ሐኪም ጆን አርበትኖት እ.ኤ.አ. በ1710 ያቀረቡት ሥራ ነው። አርበትኖት ከ1629 እስከ 1710 ባሉት 82 ዓመታት በለንደን የተጠመቁ ሕፃናትን መዝገብ ተመለከቱ። በ82ቱም ዓመታት፣ አንድም ሳይቀር፣ ወንዶቹ ከሴቶቹ በልጠው አገኙ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ አሰቡ፦ ወንድ ወይም ሴት መበለጡ እንደ ሳንቲም ውርወራ የአጋጣሚ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ፣ 82 ጊዜ በተከታታይ በአንድ ወገን የመውደቁ ዕድል አንድ ለሁለት ሲሆን ይህ በራሱ 82 ጊዜ የተባዛ ነው፤ ይህም 25 አኃዝ ካለው ቁጥር ውስጥ አንድ ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ «አጋጣሚ ነው» የሚለው ግምት አያስኬድም ብለው ደመደሙ።

የዛሬው ፍተሻ አካሄድም በመሠረቱ ይኸው ነው። በመጀመሪያ «ልዩነት የለም» የሚል ግምት እናስቀምጣለን፤ ይህም ነል መላ ምት ይባላል። እንደ ሙግት ሥርዓት ነው፤ ልዩነት አለ ባዩ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጥለን ነል መላ ምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የማግኘታችን ዕድል ምን ያህል እንደሆነ እናሰላለን። ይህ ዕድል ፒ-ዋጋ ይባላል። ፒ-ዋጋው አስቀድመን ከወሰንነው ገደብ፣ በልማድ ከ0.05፣ ካነሰ ነል መላ ምቱን እንጥላለን። ካላነሰ ግን «ልዩነት የለም» አንልም፤ «ማስረጃው አልበቃም» እንላለን። ተከሳሽ በማስረጃ እጥረት ነፃ ሲወጣ ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ እንደማይባለው ሁሉ ማለት ነው።

«ተማሪ» ብሎ የጻፈው የቢራ ባለሙያ

ተማሪዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት የቲ-ፍተሻ የተወለደው በቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዊሊያም ጎሴት በአየርላንድ ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ይሠራ ነበር። ሥራው ከገብስና እንደ ጌሾ ከሚያገለግለው የቢራ ቅመም ጥራት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ያጋጠመው ችግርም የአዊ ደጋ ገብስ አምራች ገበሬ የሚረዳው ነው፤ የሚሞከረው ማሳ ጥቂት፣ የሚገኘው ቁጥር አራት ወይም አምስት ብቻ ነው። በዘመኑ የነበሩት ቀመሮች ግን ለብዙ መቶ ቁጥሮች የተዘጋጁ ነበሩ። ጎሴት ለጥቂት ናሙና የሚሆነውን ስሌት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በራሳቸው ስም ምርምር እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ የተጠቀመው የብዕር ስም «ስቱደንት» ነበር፤ ተማሪ ማለት ነው።

ጎሴት በዚያ ጽሑፉ እንደ ምሳሌ ያቀረበው መረጃ እስከ ዛሬ ድረስ ማስተማሪያ ሆኖ ቀጥሏል። አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥም «ስሊፕ» በሚል ስም አብሮ ስለሚመጣ ማንኛውም አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል። አሥር ሕሙማን ሁለት የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በየተራ ወስደው፣ በእያንዳንዱ መድኃኒት ምን ያህል ተጨማሪ ሰዓት እንደተኙ ተመዝግቧል። የቅናሽ ምልክት ያለበት ሰው ከቀድሞው ያነሰ ተኝቷል ማለት ነው።

በመጀመሪያው መድኃኒት፦ 0.7፣ -1.6፣ -0.2፣ -1.2፣ -0.1፣ 3.4፣ 3.7፣ 0.8፣ 0.0፣ 2.0

በሁለተኛው መድኃኒት፦ 1.9፣ 0.8፣ 1.1፣ 0.1፣ -0.1፣ 4.4፣ 5.5፣ 1.6፣ 4.6፣ 3.4

ስናጠቃልለው የመጀመሪያው አማካይ 0.75 ሰዓት፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1.79 ነው። የሁለተኛው አማካይ 2.33፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2.00 ነው። የአማካዮቹ ልዩነት 1.58 ሰዓት ይሆናል። ይህ ልዩነት የመድኃኒቱ ነው ወይስ የአጋጣሚ?

አንድ መረጃ፣ ሁለት ትዕዛዝ፣ ሁለት መልስ

በኤስፒኤስኤስ «ኮምፔር ሚንስ» የሚለውን የከፈተ ተማሪ ከፊቱ የተለያዩ የቲ-ፍተሻ ዓይነቶች ይቀርቡለታል። «ኢንዲፔንደንት ሳምፕልስ» የሚለውን ከመረጠ፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ረድፎች ምንም ግንኙነት የሌላቸው የሁለት ቡድን ሰዎች አድርጎ ይወስዳቸዋል። ውጤቱ ቲ = 1.86፣ ፒ-ዋጋ = 0.079 ይሆናል። ከ0.05 ስለሚበልጥ ተማሪው «ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል።

«ፔርድ ሳምፕልስ» የሚለውን ከመረጠ ግን ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቶቹ 1.2፣ 2.4፣ 1.3፣ 1.3፣ 0.0፣ 1.0፣ 1.8፣ 0.8፣ 4.6፣ 1.4 ናቸው። ውጤቱ ቲ = 4.06፣ ፒ-ዋጋ = 0.0028 ነው። ከአንድ መረጃ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ ተገኘ ማለት ነው።

ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱንም መድኃኒት የወሰዱት እነዚያው አሥር ሰዎች ናቸው። ሰው ከሰው በእንቅልፉ እጅግ ይለያያል፤ አንዱ በየትኛውም መድኃኒት ብዙ ይተኛል፣ ሌላው በየትኛውም ጥቂት ይተኛል። የመጀመሪያው ፍተሻ ይህን በሰዎች መካከል ያለ ልዩነት እንደ ጫጫታ ስለሚቆጥረው የመድኃኒቱ ድምፅ አይሰማም። እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር ስናነጻጽር ግን ጫጫታው ይወገዳል፤ የልዩነቶቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.23 ብቻ ነው።

ኮምፒውተር የሌለው አንባቢም ይህን ማረጋገጥ ይችላል። ከአሥሩ አንዱ ልዩነት ዜሮ ነው፤ የቀሩት ዘጠኙ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ ናቸው። ልክ እንደ አርበትኖት ሳንቲም ብንቆጥረው፣ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ በአንዱ ወይም በሌላው ወገን የመውደቅ ዕድል 2 ለ512፣ ማለትም 0.0039 ነው።

በዚህ መረጃ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። ዘጠነኛው ሕመምተኛ ከሌሎቹ የራቀ 4.6 ሰዓት ልዩነት አሳይቷል። ብዙ ተማሪ ይህ ቁጥር ውጤቱን አግንኖታል ብሎ ይጠረጥራል። አውጥተን ብናሰላው አማካይ ልዩነቱ ከ1.58 ወደ 1.24 ይወርዳል፤ ቲ ግን ከ4.06 ወደ 5.66 ከፍ ይላል፤ ያ አንድ ቁጥር አማካዩን ከማሳደጉ የበለጠ ሥርጭቱን አስፍቶት ነበርና። ይህ ማለት ያልወደድነውን ቁጥር እንሰርዝ ማለት አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት መሰረዝ መረጃን ማዛባት ነው። ከነቁጥሩና ያለ ቁጥሩ አስልቶ ሁለቱንም ለአንባቢ ማሳየት ግን ሐቀኛ አሠራር ነው።

ከመኝታ ክፍል ወደ አዊ ማሳ

ይህ የአንድ መቶ ዓመት አሮጌ ምሳሌ ለአዊ ገበሬ ምን ያደርግለታል? የዞኑ ደጋማ ወረዳዎች አፈር አሲዳማነት የታወቀ ችግር ነው። አሲዳማነቱን ለመቀነስ የግብርና ኖራ መጨመር ይመከራል። ኖራ ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል የሚጠይቅ፣ ለማጓጓዝ የሚከብድና ወጪ የሚያስወጣ ነው። ስለዚህ «ኖራው በእርግጥ የገብሱን ምርት ጨምሯል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የፈተና ወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ምርት ሳይጨምር ጨምሯል ብንል ገበሬውን ለከንቱ ወጪ እንዳርገዋለን፤ ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት ይባላል። ጨምሮ ሳለ አልጨመረም ብንል ደግሞ ሊያገኘው የሚችለውን እህል እናሳጣዋለን፤ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ስህተት ነው።

አሥር ገበሬዎች ኖራ፣ ሌሎች አሥር ገበሬዎች ያለ ኖራ እንዲዘሩ ቢደረግ፣ የአንዱ ማሳ ተዳፋት፣ የሌላው ሜዳ፣ የአንዱ ፍግ የጠገበ፣ የሌላው የተራቆተ በመሆኑ የኖራው ውጤት በዚህ ጫጫታ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። ይልቁንስ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳውን ለሁለት ከፍሎ በዕጣ በአንደኛው ኖራ ቢጨምር፣ በሌላው ባይጨምር፣ እያንዳንዱ ማሳ ከራሱ ጋር ይነጻጸራል። ያኔ ተገቢው ትዕዛዝ የጥንድ ፍተሻ ነው። ይህን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ሙከራው የታቀደበት መንገድ ነው፤ ውሳኔውም ከመዝራት በፊት እንጂ ከአጨዳ በኋላ አይደረግም።

ሌላው ዘወትር የሚታይ ስህተት የናሙና ብዛት አቆጣጠር ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ተክለው ከሰል እያከሰሉ፣ መሬቱን መልሰው በእህል ይዘሩታል። ዛፉ በአፈሩ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ከአንድ የዲከረንስ ማሳ አንድ መቶ የአፈር ናሙና፣ ከአንድ የእህል ማሳ ሌላ መቶ ናሙና ቢወስድ፣ ሶፍትዌሩ ሁለት መቶ መስመር ቆጥሮ እጅግ አነስተኛ ፒ-ዋጋ ሊሰጠው ይችላል። በእውነቱ ግን የተነጻጸሩት ሁለት ማሳዎች ብቻ ናቸው። የዘንገናው ተማሪም ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ገመዱን መቶ ጊዜ ቢጥል መቶ ቦታ አልለካም።

«ጉልህ» ማለት «ትልቅ» ማለት አይደለም

ወደ 1999 ዓ.ም. ቆጠራ እንመለስ። በአዊ ወንዶች 50.04 በመቶ ነበሩ። «ወንድና ሴት እኩል ናቸው» የሚለውን መላ ምት በዚህ ቁጥር ላይ ብንፈትሽ ዜድ = 0.79፣ ፒ-ዋጋ 0.43 ገደማ ይሆናል፤ ልዩነቱ ጉልህ አይደለም። በመላ ሀገሪቱ በቆጠራው ሪፖርት ከ73,750,932 ሰዎች ወንዶቹ 37,217,130 ወይም 50.46 በመቶ ናቸው። በዚህ ላይ ያው ፍተሻ ቢካሄድ ዜድ ወደ 80 ይጠጋል፤ ፒ-ዋጋውም ከማናቸውም ልማዳዊ ገደብ በታች ይወርዳል። ያው 50.46 በመቶ ከአንድ ሺህ ሰዎች ቢገኝ ኖሮ ግን ዜድ 0.29 ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ፒ-ዋጋ የልዩነቱን ስፋትና የናሙናውን ብዛት አቀላቅሎ ይይዛል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር መረጃ ላይ ከግማሽ በመቶ ያነሰ ልዩነት እንኳ «እጅግ ጉልህ» ተብሎ ይወጣል።

ከዚህም በላይ መሠረታዊ የሆነ ነገር አለ። ቆጠራ ናሙና አይደለም፤ ዓላማው ሁሉንም መቁጠር ነው። ከናሙና ወደ ጠቅላላው መሸጋገር በሌለበት ቦታ የመላ ምት ፍተሻ የሚመልሰው ጥያቄ እምብዛም አይኖርም። በቆጠራ ላይ የሚያሳስበው ስህተት ሳይቆጠሩ የቀሩ ሰዎችና የተሳሳቱ መልሶች ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ፒ-ዋጋ አያያቸውም። ሶፍትዌሩ ግን ይህን አይነግረንም፤ ቁጥሩን ከሰጡት መልስ ያወጣል።

ስለሆነም ውጤት ሲቀርብ ከፒ-ዋጋው ጋር የልዩነቱ መጠንና የመተማመኛ ክልሉ አብሮ መቅረብ ይኖርበታል። በእንቅልፉ ምሳሌ ልዩነቱ 1.58 ሰዓት፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.70 እስከ 2.46 ሰዓት ነው። ይህ አባባል «ፒ ከ0.05 ያንሳል» ከሚለው እጅግ የበለጠ ይናገራል፤ ሐኪሙ ከአርባ ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚደርስ ጥቅም መጠበቅ እንደሚችል ይነግረዋል። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ ሳይንሳዊ መደምደሚያ ፒ-ዋጋ ከአንድ ገደብ በማለፉ ወይም ባለማለፉ ላይ ብቻ መመሥረት እንደሌለበት አሳስቧል።

ሌላው አደጋ ፍተሻ ማብዛት ነው። ምንም ልዩነት በሌለበት መረጃ ላይ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሃያ ፍተሻዎችን በ0.05 ገደብ ብናካሂድ፣ ቢያንስ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ነው። አሥራ ዘጠኙን ትቶ አንዱን ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ያላወቀውን ነገር እንዳወቀ አድርጎ ያቀርባል።

የትኛውን ሶፍትዌር?

ኤስፒኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች የተሠራ ሲሆን፣ ከ2009 ወዲህ የአይቢኤም ንብረት ነው። በምርጫ ዝርዝር ስለሚሠራ ለጀማሪ ይቀላል። ስታታ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሲሆን በምጣኔ ሀብትና በጤና ምርምር ይዘወተራል። ሁለቱም የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃሉ። አር ደግሞ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የጀመሩት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቷል። ክፍያ የለውም። ትዕዛዙን በጽሑፍ መጻፍ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ነገር ግን የተጻፈው ትዕዛዝ ተቀምጦ ስለሚቆይ መምህር ወይም ሌላ ተማሪ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊደግመውና ሊመረምረው ይችላል። በኤስፒኤስኤስም ቢሆን የተጫኑትን ምርጫዎች በትዕዛዝ ጽሑፍ መልክ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ይህን ልማድ ማድረግ ይገባል።

የውጤት ሰንጠረዥ አነባበብም ጥንቃቄ ይሻል። ኤስፒኤስኤስ በ«ሲግ» ዓምድ ሥር .000 ብሎ ሲጽፍ ዕድሉ ዜሮ ነው ማለቱ አይደለም፤ በሦስት የነጥብ ቤት ሲጠጋጋ ነው፤ «ከ0.001 ያነሰ» ተብሎ መጻፍ አለበት። በሁለት ቡድን የቲ-ፍተሻ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ በመጀመሪያ የሚመጣው የሌቪን ፍተሻ ነው፤ እርሱ የሚናገረው ስለ ሥርጭቶቹ እኩልነት እንጂ ስለ አማካዮቹ አይደለም። የሌቪንን ፒ-ዋጋ ወስዶ የጥናቱ ውጤት አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው።

ማጠቃለያ

ተማሪው ትዕዛዙን ከመጫኑ በፊት በወረቀት ላይ አምስት ጥያቄዎችን ቢመልስ ከአብዛኛው ስህተት ይድናል። ጥያቄዬ ምንድን ነው? ስለ ማን ልናገር እፈልጋለሁ፤ ናሙናዬስ እነርሱን ይወክላል? አንድ መስመር ስለ ማን ይናገራል፤ መስመሮቹስ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው ወይስ አይደሉም? ምን ያህል ልዩነት ቢገኝ በተግባር ይጠቅማል? ውጤቱ ከጠበቅሁት ተቃራኒ ቢሆንስ እጽፈዋለሁ? እነዚህ ጥያቄዎች በየትኛውም ሶፍትዌር ዝርዝር ውስጥ አይገኙም።

በዘንገና ዳር ገመዱን ይዞ ያስቀመጥነው ተማሪም የሚያስፈልገው የበለጠ ፈጣን ኮምፒውተር ወይም አዲስ የሶፍትዌር እትም አይደለም። የሚያስፈልገው ታንኳ ነው። ታንኳውን ካገኘ በኋላ ሐይቁን እንደ መረብ ከፋፍሎ፣ ከዳሩም ከመሃሉም በዕጣ ቦታ መርጦ ይለካ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሲመለስ ሶፍትዌሩ የሚሰጠው መልስ ስለ ዘንገና ይሆናል።